ኑሪ ማንን ትጠይቅ

«ትሰማኛለህ ወይ?» ትላለች እህቱ ኦክዳን፣ እሱስ ይሰማል፣ የማትሰማው እሷ ናት፣ «እሰማለሁ እትዬ» ይላታል፣ «ኧ?» ትላለች፣ «እሰማለሁ» ይላል ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ በመርከቡ ወለል ላይ ጎን ለጎን ከተጋደሙት መንገደኞች አንዷ፣ መንደሪን የምትልጥ ወፍራም ሴትዮ፣ ቀና ብላ ታየዋለች፣ እሱም ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ታክ ቺልሶንግ ስልሳ ሰባት ዓመቱ ነው። በሰው ፊት ጮክ ብሎ መናገር ከተወ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው፣ ቻይና ውስጥ ካለችው የኮሪያውያን አገር ከዮንቢየን ተነስቶ የደቡብ ኮሪያን የኢንቾን ወደብ ከረገጠ ጀምሮ፣ ቋንቋው አንድ ነው ይባላል፣ የአያቶችህ አገር ነው ይባላል፣ ነገር ግን አፉን በከፈተ ቁጥር አነጋገሩ ከየት እንደመጣ ያሳብቅበታል።

«ስማኝ እንግዲህ» ትላለች ኦክዳን ከቱመን ወንዝ ዳር፣ «የግራው ጆሮዬ ድሮም አልነበረም፣ አሁን የቀኙም ሄደ። ስልኩ ሲጮህ አልሰማም። ይሄን እንኳ ጎረቤቴ ናት አንስታ ጆሮዬ ላይ የለጠፈችልኝ። ስለዚህ በቃ። ለልጅህም ነግሬያታለሁ። ከእንግዲህ እኔን መሃል አታስገቡኝ።»

«እትዬ…»

«የሶልሜ ቁጥር አለህ አይደል?»

«አለኝ።»

«ኧ?»

«አለኝ።»

«አለህማ። አራት ዓመት ሙሉ አለህ። የስልክ ቁጥር እኮ የደረቀ ዓሣ አይደለም፣ ሰቅለህ የምታቆየው።»

ሌላም ልትለው ነበር፣ መርከቡ ግን የኢንቾንን ድልድይ አልፎ ወደ ሰፊው ባሕር ሲወጣ ድምጿ ተቆራረጠ፣ አንድ ቃል መጣ፣ ግማሽ ቃል መጣ፣ ከዚያ ምንም። ስልኩን ደረቱ ላይ አስቀምጦ ጣሪያውን ያያል። እንዲህ ነው እንዴ የሚያልቀው፣ አስራ አራት ዓመት አባትና ልጅን ያገናኘ ድምፅ፣ ደህና ዋል እንኳ ሳይባባል።

የመርከቡ ወለል ይሞቃል፣ ከስር ኤሌክትሪክ ተዘርግቶበታል፣ ሰዉ ጫማውን በር ላይ አውልቆ በየፌስታሉ አድርጎ ራስጌው አኑሮ ተጋድሟል፣ ገሚሱ ያንኮራፋል፣ በወዲያ ጥግ ፎርማኑ ባንግ ከሁለት የዓሣ መኪና ሾፌሮች ጋር ካርታ ይጫወታል፣ ካርታውን ብርድ ልብሱ ላይ ጧ ባደረገ ቁጥር የተኛው ሁሉ ይባንናል፣ ኢንጂነር ኩክ ሄኢን ባሕሩ አልስማማት ብሎ ፌስታል አፏ ላይ ይዛ ጥቅልል ብላለች፣ ቺልሶንግ ደግሞ በቀኝ እጁ ሳጥኑን እንደያዘ በጎኑ ተኝቷል፣ ሳጥኑ ውስጥ ሃንሞክ ደሴት ላይ የሚተከለው ሰርቨር አለ፣ እንዳይንገጫገጭ ከቤቱ ባመጣው ብርድ ልብስ ጠቅልሎታል። የሦስት ሰዓት መንገድ ነው፣ ተኛ ተኛ ይለዋል ሰውነቱ፣ እንቅልፍ ግን የለም፣ ይኸው ሁለት ሌሊት ሙሉ የለም። ወለሉ ሲሞቀው ያ ቤት ይመጣበታል፣ የወንዙ ዳር ቤት፣ የማድ ቤቱ እሳት ጭስ በወለሉ ስር አልፎ ክፍሉን የሚያሞቅበት ቤት፣ ልጁ ሶልሜ ሁልጊዜ ትኩሱ ጥግ ላይ ናት፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ እሱ ሻንጣውን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል፣ ልጅቱ ተኝታለች ይሉታል፣ አልተኛችም፣ ከብርድ ልብሱ ጫፍ የወጣው የእግሯ ጣት ይንቀሳቀሳል፣ የተኛ ልጅ ጣቱን እንዲያ አያንቀሳቅስም፣ ነቅታ እንደሆነ እያወቀ እንደተኛች ቆጥሮ ወጣ፣ «ሁለት ዓመት ብቻ» አላት እናቷን፣ ከቤቱ ፊት ያለው የፖም ዛፍ አብቦ ነበር፣ ወይስ ገና ነበር፣ አንዳንድ ጊዜ አብቦ ያየዋል፣ አንዳንድ ጊዜ በረዶ ተሸክሞ ያየዋል፣ ሁለቱም እውነት ሊሆን አይችልም፣ የሚጠይቀው ሰው ደግሞ የለም፣ የሶልሜ እናት ብትኖር ታውቀው ነበር።

ዓይኑን ሲጨፍን የሚመጣበት ግን ቤቱ ብቻ አይደለም። ክቡም አለ። ሰኞ ዕለት በዋናው ቢሮ ሄኢን ትልቁን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ስታስረዳ እሱ ከኋላ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፣ የሽቦ ሰው ወንበር አይፈልግም ይባላል፣ እሷ ግን «አጎቴ፣ ይቀመጡ እንጂ» አለችው፣ ባንግ ቀድሟት «ተወው፣ የዮንቢየኑ አጎታችን ቆሞ እንደ ፈረስ ይተኛል» አለ፣ ሰዉ ሳቀ፣ ነገሩ ያለፈ መሰለ። የዓሣ አቅራቢዎቹ ማኅበር ሰባት ቢሮ አለው፣ ዋናው ኢንቾን ነው፣ አራቱ በየወደቡ ናቸው፣ ሁለቱ በደሴቶቹ በሃንሞክና በኑሪ ናቸው። በየቢሮው ያለ ሠራተኛ ጠዋት ኮምፒዩተሩን ከፍቶ ስሙንና የምስጢር ቃሉን ይጽፋል፣ ኮምፒዩተሩ ግን በራሱ ሰውየውን አያውቀውም፣ የሁሉም ስም የተመዘገበበትን ሰርቨር ይጠይቃል፣ ይሄ ሰው የኛ ነው ወይ ይላል፣ አዎ ሲባል ይከፍትለታል። እስካሁን ሰርቨሩ ኢንቾን ብቻ ነበር። አሁን የመስመሩ ነገር አስቸገረና አንዳንዱ ቢሮ የራሱ ይኑረው ተባለ፣ የሄኢን ሥራ የትኛው የራሱ ይኑረው፣ የሌለውስ የማንን ይጠይቅ የሚለውን መወሰን ነው። ቢሮዎቹን በክብ ትከባለች፣ ሳይት ትለዋለች፣ በአንድ ክብ ውስጥ ያሉ ሁሉ እዚያው ክብ ውስጥ ያለውን ሰርቨር መጀመሪያ ይጠይቃሉ፣ ከክብ ወደ ክብ መስመር ትስባለች፣ በመስመሩ ላይ ቁጥር ትጽፋለች፣ ቁጥሩ ካነሰ መንገዱ ቀላል ነው፣ ከበዛ አድካሚ ነው፣ አዲስ ስም ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው በየስንት ሰዓቱ እንደሚሻገርም ትጽፋለች። «ዛሬ ጠዋት ኢንቾን የተቀጠረ ሰው» አለች፣ «ስሙ ሃንሞክ እስኪደርስ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። እስከዚያ ሃንሞክ ሄዶ እኔ እገሌ ነኝ ቢል የሚያውቀው የለም።» ሳቁ። ቺልሶንግ አልሳቀም። ሦስት ሰዓት ምን አላት ብሎ አሰበ።

ፊደል ሳይቆጥር ያደገ ሰው ነው፣ ቁጥር ግን ያውቃል፣ ሥዕልም ያነባል፣ በሃያ ሁለት ዓመት የሳበው ሽቦ ቢቀጣጠል እስከ ቱመን ደርሶ ይመለሳል፣ እናም ከቀዩ ክብ ላይ ዓይኑ ተተከለ። ሄኢን ሃንሞክንና ኑሪን በአንድ ቀይ ክብ ውስጥ አስገብታቸዋለች። «ሃንሞክ ወደብ ቆሜ የኑሪን የልብስ ገመድ አይቻለሁ» አለች፣ «ማን ምን እንዳሰጣ መቁጠር ይቻላል። አንድ ሰርቨር ለሁለቱ ይበቃል።» ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። በዓይን ያየ ማንም ሰው እንዲያ ነው የሚለው። ሁለቱም ደሴት ላይ ሽቦውን የሳበው ግን ቺልሶንግ ነው፣ ስድስት ዓመት ሆነው፣ ኑሪ ላይ የኢንተርኔቱን ሞገድ የሚቀበለውን ሳህን የሚሸከመውን ምሰሶ ሲያቆሙ የመንደሩ ሽማግሌ በትሩን ተደግፎ መጣና ሳህኑ ወዴት ነው የሚዞረው አለ፣ ወደ ሃንሞክ ነው ሲሉት ሁለቱ ደሴቶች በሸርጣን ማጥመጃ ቦታ ሠላሳ ዓመት የተጣሉበትን ጠብ ጠርቶ ማለ፣ የሃንሞክን ሳህን የሚያይ ሳህን እዚህ መንደር ላይ አይቆምም አለ፣ እናም ሳህኑን አዞሩት፣ ወደ ኢንቾን ተራራ አዞሩት፣ የሃንሞኩም ወደዚያው ዞሯል። ስለዚህ ኑሪ ለሃንሞክ አንድ ቃል ብትል ቃሉ ባሕሩን ሁሉ አቋርጦ ኢንቾን ይደርሳል፣ ከዚያ ይመለሳል። በክቡ ሕግ ደግሞ የኑሪ ኮምፒዩተር ጠዋት ጠዋት የሃንሞክን ደጅ ነው የሚያንኳኳው። የሃንሞክ መስመር በጉም ወይም በነፋስ የጠፋ ቀን፣ የኑሪ የራሷ መስመር ደህና ሆኖ ሳለ፣ ያቺ የኑሪ ቢሮ ብቸኛ ሠራተኛ፣ ያኔ የሸርጣን ሾርባ ያበላችው ሴትዮ፣ ጀልባዎቹ ወደብ ገብተው እየጠበቋት ስሟን ጽፋ ትቀመጣለች፣ ሃንሞክ፣ ሃንሞክ እያለ ማሽኑ ይፈልጋል፣ ይፈልጋል።

ይሄን ሁሉ አውቆ ዝም አለ። ወደ ስብሰባው ሲገቡ ባንግ «እኛ እጅ ነን፣ አፍ አይደለንም» ብሎታል፣ ያ አንድ ነገር ነው። ሌላ ጊዜም በሌላ ሥራ አንድ ነገር ተሳስቷል ብሎ ተናግሮ ነበር፣ አለቅየው እስከ መጨረሻው አዳመጠውና «መጀመሪያ አነጋገርህን አስተካክል» አለው፣ ያም አንድ ነገር ነው። ግን እውነቱን ለራሱ ሲነግረው ዝምታው ከዚያ ይበልጣል። ዝም ማለት የለመደ ሰው ሲያስፈልግ የሚናገር ይመስለዋል፣ ሲያስፈልግ አፉ አይታዘዘውም።

ያኔም እንዲህ ነበር። ስልኩ የሚጮኸው ሥራ ላይ ነው፣ ጣሪያ ላይ ነው፣ ኦክዳን ናት፣ የሶልሜ እናት ሞታለች ትላለች፣ እሱ ከቪዛው አምስት ዓመት አልፎ ተደብቆ የሚኖር ሰው ነው፣ ከወጣ አይመለስም፣ ካልተመለሰ የልጅቱ ትምህርት ይቆማል፣ እንዲህ አለ ለራሱ፣ አስራ አራት ዓመት ይህንኑ ለራሱ ይላል፣ ቀብሩ ላይ ኦክዳን ስልኩን ከፍታ ያዘችለት፣ ቢያንስ በጆሮህ ቅበራት አለችው፣ እሱም ጣሪያው ላይ ተቀምጦ አፈሩ ሲወርድ ሰማ፣ አካፋ፣ ከዚያ አፈር፣ ከዚያ አካፋ፣ ከዚያ ኦክዳን «አባትሽ ነው፣ አናግሪው» አለች፣ ሶልሜ አስራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ስልኩን ትቀበላለች፣ ትንፋሿን ይሰማል፣ እሱም ይተነፍሳል፣ እንዲህ ተነፋፈሱና ስልኩን ለአክስቷ መለሰችላት። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን። የሚባባሉት ሁሉ በኦክዳን በኩል ነው፣ ሶልሜ ፈተና አለፈች ብላለች፣ አባትሽ ጎሽ ብሏል፣ ሶልሜ ጉንፋን ይዟታል፣ ጉንፋኑ በደረሰው ቀን ጉንፋኑ ለቋታል። ኦክዳን ደግሞ ቃል ስታደርስ ትንሽ ማር ታስነካበታለች፣ «አባቴ ወፍራም ካልሲ ይልበስ ብላለች» አለችው አንድ ክረምት፣ ሶልሜ እንዲያ እንደማትል ያውቃል፣ ካልሲ የኦክዳን ቃል ነው፣ እንደዚያም ሆኖ ገበያ ወርዶ ገዛ።

አራት ዓመት ሆነ፣ ሶልሜ ራሷ መጣች። አንሳን በምትባል ከተማ ናት፣ የስልክ መስታወት የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ፣ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። እሱ ካለበት ክፍል እሷ እስካለችበት ሠፈር በባቡር አርባ ደቂቃ ነው፣ ባቡር መቀየር እንኳ የለም። አንድ እሑድ ሄዷል። ከጣቢያው መውጫ በር ላይ ቆሞ የሚወጣውን ሰው ሁሉ አየ፣ ከሠላሳ ዓመት ሴቶች የትኛዋ እንደሆነች ፊቷን አያውቀውም፣ የሚያውቀው የእግሯን ጣት ነው፣ ሴቶቹ ሁሉ ጫማ አድርገዋል፣ ተመለሰ። ማታ ኦክዳን ደውላ «ሶልሜ ደህና ናት፣ አባቴስ ብላለች» አለችው፣ ቃሉ ከአንሳን ተነስቶ ቱመን ወንዝ ደርሶ ተመልሶ ኢንቾን ገባ፣ አላላትም፣ ዛሬ አንሳን ነበርኩ አላላትም። አሁን ደግሞ ኦክዳን የለችም። አለች፣ ግን ጆሮ የለም።

«ይህቺን አሽቺያት» አለች ያቺ መንደሪን የምትልጥ ሴትዮ፣ ልጣጩን በቺልሶንግ ላይ አሳልፋ ለሄኢን እየዘረጋች። «ሆድሽን ያረጋጋዋል።»

ሄኢን ተቀብላ አፍንጫዋ ላይ አደረገችና ዓይኗን ገለጠች፣ ፊቷ ወረቀት መስሏል። ቺልሶንግን አየችው። «አጎቴ፣ እርስዎ ደግሞ አይተኙም?»

«አልመጣልኝም።»

«እኔ ሞቻለሁ። ሃንሞክ ስንደርስ ከሰርቨሩ ጋር አብረው ይትከሉኝ።»

እጁ ሳጥኑ ላይ ነው። ሁለት ሌሊት አፉ ውስጥ ያገላበጠው ቃል አለ፣ ዘወር አድርጎ ለመናገር ብዙ መግቢያ አዘጋጅቶ ነበር፣ አንዱም አልመጣ።

«አለቃ» አለ። «ኑሪን ከሃንሞክ ጋር አያድርጓት።»

«ምን አሉ?»

«ክቡ። ቀዩ ክብ። ኑሪ እዚያ መግባት የለባትም።»

ካርታው ጧ ማለቱን አቆመ። «ምን አለ ይሄ ሰውዬ?» አለ ባንግ ከጥጉ። «አጎት፣ ሳጥኑን እቀፍ ነው የተባልከው፣ አስተምር ተብለሃል እንዴ?»

ሄኢን በክርኗ ተደግፋ ቀና አለች። «ለምንድነው የማትገባው?»

«መስመሩ በኢንቾን ነው የሚዞረው።»

«ከኑሪ ወደ ሃንሞክ? ሦስት ኪሎ ሜትር እኮ ነው። ይታያያሉ።»

«ይታያያሉ» አለ። «አይነጋገሩም።»

ባንግ ሳቀ። «ዮንቢየን እንደዚህ ነው የሚባለው? ሳህን ከሳህን ጋር ተኳረፈ?»

መንደሪን የምትልጠው ሴትዮ ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ማን ነው ኑሪ ያለው?» አለች። «እኔ የኑሪ ነኝ። ማን ነው ከሃንሞክ ጋር በአንድ ያሰረን?»

«ይህቺ ናት» አለ ባንግ ጣቱን ወደ ሄኢን ቀስሮ።

«በክብ ብቻ ነው እማማ» አለች ሄኢን። «ወረቀት ላይ ነው።»

«ወረቀትም ላይ ቢሆን። የአጎቴ ልጅ ሃንሞክ ካገባች አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ማጀቷን አላየሁትም። ሰላም ካልኳት እንኳ ኢንቾን ገበያ ተገናኝተን ነው። ያ ምሰሶ ሲቆም የኛ ሽማግሌ ወደዚያ አይዞርም ብሎ በትሩን መሬት ላይ ሲመታ እዚያው ነበርኩ።» ከዚያ ቺልሶንግን ዓይኗን አጥብባ አየችው። «አንተን አውቅሃለሁ ልበል? ምሰሶው ላይ የነበርከው ሰውዬ ነህ። ያኔም አትናገርም ነበር።»

ቺልሶንግ አንገቱን ደፋ። ሄኢን ግን ፌስታሏን ጥላ ላፕቶፗን ከቦርሳዋ እያወጣች ነው። መርከቡ የመብራት ማማ የቆመባትን ትንሽ ደሴት ሲያልፍ ስልክ ለትንሽ ጊዜ ይይዛል፣ ሁሉም ያውቀዋል፣ ሰዉ ስልኩን አንስቶ የሚጮኸው እዚያ ጋ ነው፣ እሷም እዚያ ጋ የኑሪን ማሽን በላፕቶፗ ያዘችና ወደ ሃንሞክ በየት በየት ነው የምትሄደው ብላ ጠየቀችው። ማሽኑ ያለፈበትን አንድ በአንድ ዘረዘረላት፣ ቺልሶንግ ፊደሉን አያነብም፣ ፊቷን ግን ያያል፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ኑሪ፣ ኢንቾን፣ ኢንቾን፣ ሃንሞክ። ላፕቶፑን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

«የደሴቶቹን ካርታ አይቼ ነው የሣልኩት» አለች። «መንገዱን አልጠየቅኩም።» ከዚያ «ሰኞ ዕለት እዚያ ነበሩ አይደል?»

«ነበርኩ።»

«ክቡን አይተውት ነበር?»

«አይቼው ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

እጁን ከሳጥኑ ላይ አነሳ፣ የሚያስቀምጥበት አጣና መልሶ እዚያው አኖረው። እኛ እጅ ነን ሊል ይችል ነበር፣ አነጋገሬ ሊል ይችል ነበር፣ ማን ይሰማኛል ሊል ይችል ነበር።

«ፈራሁ» አለ።

መንደሪን የምትልጠው ሴትዮ አንዱን መንደሪን ለሁለት ከፍላ ግማሹን እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

«እሺ፣ ይሁን» አለ ባንግ ተነስቶ እየመጣ፣ አሁን ድምፁ የቀልድ አይደለም፣ «ግን የሥራ ትዕዛዙ አንድ ክብ ነው የሚለው። እኔ የማውቀው ትዕዛዙን ነው። ነገ ቢሮ ተመልሰን አንድ ሽማግሌ በሕልሙ አየና ቀየርነው ልንል ነው?»

«ትዕዛዙን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች ሄኢን። «ቢሮ ደግሞ እኔ ተሳሳትኩ እላለሁ። አጎቴ ናቸው ያዩት እላለሁ፣ ስማቸውን ጠርቼ።» ወረቀቱን ሞቃቱ ወለል ላይ ዘረጋችው፣ ማዕዘኑን በሰዉ ጫማ አስያዘችው፣ ቀዩን ክብ በእስክሪብቶ ሁለት ጊዜ ሰረዘችው፣ ሃንሞክን ብቻዋን ከበበቻት።

«ኑሪስ?» አለ ባንግ። «ሰርቨር የላት፣ ክብ የላት። ኑሪ ታዲያ ማንን ትጠይቅ?»

«ኢንቾንን። መስመሯ ወደዚያ ነው፣ በቀጥታ ኢንቾንን ትጠይቅ። መሃል የሚገባ የለም።» ይህን ብላ ፌስታሏን ፈልጋ መልሳ ተጋደመች፣ ባንግም እያጉረመረመ ወደ ካርታው ሄደ፣ ሾፌሮቹ ተራውን አሳልፈውበት ነበርና ከእነሱ ጋር ሌላ ጭቅጭቅ ጀመረ።

ቺልሶንግ ግማሹን መንደሪን በላ። ጎምዝዞታል። እንቅልፍ አሁን የሚመጣ መስሎት ዓይኑን ጨፈነ፣ አልመጣም፣ የክቡ ነገር ከላዩ ሲወርድ ሌላው ብቻውን ቀረ፣ ቀድሞ ሁለቱ ተደጋግፈው ነበር የተቀመጡት፣ አሁን አንዱ ሲነሳ ሌላው ሙሉ ክብደቱን ጣለበት። ፈራሁ ማለት ይቻላል ለካ። አንድ ቃል ናት። ለኦክዳን አንድም ቀን ፈራሁ ብሎ አያውቅም፣ ብሎስ ቢሆን ኖሮ ኦክዳን ቃሉን ለልጅቱ እንዳለ አታደርሰውም ነበር፣ አባትሽ ሥራ በዝቶበት ነው ትላት ነበር፣ ብላታለችም ይሆናል፣ ሶልሜ አስራ አራት ዓመት የምታውቀው ሥራ የበዛበት አባት ይሆናል፣ ጣሪያ ላይ ተቀምጦ አፈር ሲወርድ የሰማውን ሰው አታውቀውም፣ እሱም ኦክዳን ያስዋበችለትን ልጅ ነው የሚያውቀው፣ ካልሲ የምታስብለትን፣ የተቆጣችውን ልጅ አያውቃትም። የተቆጣችውን ቢያውቃት ይሻለው ነበር። ይናፍቃታል፣ የሚናፍቃት የትኛዋን እንደሆነ ግን ሲያስበው ዘጠኝ ዓመት የሆናትን ነው፣ ያቺ ደግሞ በየትኛውም ባቡር አትደረስም።

ሃንሞክ ሲደርሱ ቀትር አልፏል። ሳጥኑን እሱና ባንግ ተጋግዘው ዳገቱን ወጡ፣ ቢሮው በር ላይ ሲደርሱ ባንግ «ሌላም ያየኸው ስህተት ካለ አሁኑኑ ተናገር፣ ወገቤ ሳይቆረጥ» አለ፣ ቺልሶንግ «የለም» አለ፣ «እርግጠኛ ነህ?» አለ፣ «ሳጥኑን ገልብጠህ ይዘኸዋል» አለው፣ ባንግ ቁልቁል አየ፣ ሰደበው፣ ከዚያ ሳቀ። ሰርቨሩን አስቀመጡ፣ ሽቦውን ሳበ፣ ሄኢን ኮምፒዩተሩ ላይ ተቀምጣ ስሞቹ ከኢንቾን እየተሻገሩ ሲገቡ ትቆጥራለች፣ መቶ፣ ሁለት መቶ፣ ፊቷ ላይ ደም ተመለሰ፣ ለእሱ የሚሠራው አልቋል። በኋላው በር ወጣ፣ ምሰሶው ስር ካለው የሲሚንቶ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ባሕሩ ረግቷል። ማዶ ኑሪ ትታያለች፣ ሰማያዊ ጣሪያ፣ ነጭ አንሶላ፣ የሚሄድ ሰው።

ቁጥሩን ስልኩ ውስጥ አያስቀምጠውም፣ በቃሉ ነው የያዘው፣ አራት ዓመት ሙሉ ሽቦ ሲስብ ሲስብ የሚደጋግመው ቁጥር ነው፣ ጣቱ ግን አሁን ሦስተኛው ላይ ቆመ፣ እንደገና ጀመረ። ይጠራል። እጁ ላይ የሽቦው ቆዳ ቁራጭ ተጣብቋል፣ ያላቅቀዋል። ይጠራል። ምን ሊላት ነው፣ ኦክዳን ደነቆረች ሊላት ነው፣ ታውቃለች፣ ይቅርታ ሊላት ነው፣ ይቅርታ ከዚህ ተነስቶ የት ይደርሳል፣ ይዝጋው፣ ዘግቶት ኑሪን እያየ ይቀመጥ፣ ነገም ቀን ነው—

«አቤት?»

ከኋላዋ የማሽን ጩኸት አለ። አነጋገሯ ከአንድ ቃል ብቻ ያሳብቃል፣ የዮንቢየን ነው፣ አንሳን አልለወጠውም፣ የእናቷ አነጋገር ነው።

«ማን ልበል?» አለች።

«ታክ ቺልሶንግ» አለ፣ ሙሉ ስሙን፣ ቢሮ ሄዶ ለማያውቀው ሰው እንደሚናገር። ከዚያ አባትሽ ሊል አሰበ፣ አላለም፣ የሚባል እንዳልሆነ ተሰማው።

ማሽኑ ይጮሃል። እርምጃ ሰማ፣ በር ተከፍቶ ተዘጋ፣ ጩኸቱ ራቀ፣ ትንፋሿ ቀረበ። ትንፋሿን አወቀው።

«አክስቴ ጠዋት ደውላ ነበር» አለች። «ትጮሃለች። እኔም እጮሃለሁ። የሥራ መስመሩ ላይ ያሉት ሁሉ ዞረው አዩኝ።»

«እኔንም» አለ። «መርከብ ላይ።»

ሁለቱም ተነፈሱ። እንደዚያኛው ጊዜ የሚያልፍ መሰለውና ፈጠን ብሎ «ያኔ» አለ፣ «የእናትሽ ጊዜ። ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ፈርቼ ነው።»

«ሥራ በዝቶበት ነው አለችኝ እሷ።»

«አውቃለሁ።»

«እርስዎ ነዎት እንዲያ በያት ያሉት?»

«አላልኩም።»

«ሌላውንስ? በእነዚህ ዓመታት ሁሉ አባትሽ እንዲህ አለ፣ አባትሽ እንዲያ አለ ያለችኝን፣ እርስዎ ነዎት ያሉት?»

ከአንድ መስኮት ሄኢን «ሦስት መቶ አስራ ሁለት፣ አለቀ» ስትል ይሰማል። ቺልሶንግ ሊዋሽ ይችል ነበር።

«ግማሹን» አለ።

ትንፋሿ ራቀ። ሄዳለች ብሎ ስልኩን ከጆሮው አርቆ አየው፣ የጥሪው ሰዓት ይቆጥራል፣ መልሶ ጆሮው ላይ አደረገው።

«አስር ደቂቃ እረፍት አለኝ» አለች ሶልሜ። «የትኛው ግማሽ እንደሆነ ራስዎ ይንገሩኝ።»